ባዶ የማይተው ወንበር፦ የበረራ ዲስፓቸሮች የመመላለስ ጥበቃ በኅብረት ስምምነት ውስጥ

በአሜሪካ ሕግ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን በአብራሪው ውሳኔ ብቻ ከመሬት አይነሣም። በመደበኛ መርሐ ግብር የሚበሩትን ትልልቅ አየር መንገዶች የሚገዛው የፌዴራል አቪዬሽን ደንብ ክፍል 121 በረራን የማቀድ፣ የማዘግየትና እንዲነሣ የመፍቀድ ኃላፊነትን በዋናው አብራሪና በበረራ ዲስፓቸሩ ላይ በጋራ ይጥላል። ዲስፓቸሩ ከአውሮፕላኑ እጅግ ርቆ በሚገኝ ማዕከል ተቀምጦ የአየሩን ጠባይ ይመረምራል፤ የሚጫነውን ነዳጅ፣ የሚኬድበትን መሥመርና ችግር ቢፈጠር የሚታረፍበትን ተለዋጭ አውሮፕላን ማረፊያ ያቅዳል፤ አውሮፕላኑ ከተነሣ በኋላም እስኪያርፍ ድረስ ይከታተለዋል። በረራው በታቀደው መሠረት በደኅንነት ሊቀጥል አይችልም ብሎ ካመነ የመሰረዝ ወይም ዕቅዱን የመለወጥ ግዴታ አለበት።

ይህን ያህል ኃላፊነት የተሸከመ ባለሙያ ወደ ሥራ ወንበሩ የሚደርሰው እንዴት ነው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከዲስፓቸሮች ከፊሎቹ ማዕከሉ ባለበት ከተማ አይኖሩም፤ ከሌላ ግዛት በአውሮፕላን ይመላለሳሉ። የሚሳፈሩትም አብዛኛውን ጊዜ ትኬት በገዛ መንገደኛ ያልተያዘ ወንበር ሲገኝ ነው። በረራው ከሞላ ወይም ከተሰረዘ ፈረቃቸው ያመልጣቸዋል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው ይቀጣል ወይስ አይቀጣም፣ ወንበሩንስ ማን ይሸፍናል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚያገኙት፣ ካገኙ፣ በኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። የመመላለስ ጥበቃ ለዲስፓቸሮች ሊጻፍ ይገባል፤ ነገር ግን ከአብራሪዎች ስምምነት ተገልብጦ ሊጻፍ አይገባም። የዲስፓቸሩ አንቀጽ የሚመላለሰውን ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን፣ ተተኪው እስኪደርስ ወንበሩን ለቆ መሄድ የማይችለውን ባልደረባም መጠበቅ አለበት።

ማዕከሉ ሲነሣ

አብራሪዎች በአንድ አየር መንገድ ውስጥ እንኳ የተለያዩ ምድቦች አሏቸው፤ የአገልግሎት ዘመናቸው ሲፈቅድ ወደ መኖሪያቸው የቀረበውን መጠየቅ ይችላሉ። ለዲስፓቸር ግን ምድቡ በተለምዶ አንድ ነው። የአሜሪካን አየር መንገድ ማዕከል በፎርት ወርዝ፣ የዴልታ በአትላንታ፣ የሳውዝዌስት በዳላስ፣ የዩናይትድ በቺካጎ አካባቢ ይገኛል። ዝውውር የሚጠየቅበት ሌላ ከተማ የለም። ከቤት መሥራትም መፍትሔ አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ማደሻ ሕግ ስምሪት ከተመደበ ማዕከል እንዲከናወን፣ ከዚያ ውጭ መሥራትም በአስቸኳይ ሁኔታና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲፈቀድ ደንግጓል። ስለዚህ ለዚህ ሙያ መገኘት ማለት በአካል መገኘት ነው።

ባለፉት ሃያ ዓመታት የተካሄዱት ውህደቶች ማዕከሎችን ከቦታ ቦታ አንቀሳቅሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኖርዝዌስት ከዴልታ ጋር ሲዋሃድ የሚኒያፖሊሱ የስምሪት ሥራ ወደ አትላንታ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ2010 ኮንቲኔንታል ከዩናይትድ ጋር ሲጣመር የሂውስተኑ ሥራ ወደ ቺካጎ ተዛወረ። ዩኤስ ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአሜሪካን ጋር ከተዋሃደ በኋላም የፒትስበርጉ ማዕከል ተዘግቶ ሥራው ወደ ፎርት ወርዝ ተወሰደ። በእነዚህ ከተሞች ቤት የሠሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ፣ አረጋውያን ወላጆችን የሚጦሩ ሠራተኞች የቀረቡላቸው ምርጫዎች ሦስት ነበሩ፤ ቤተሰብን ነቅሎ መሄድ፣ ሥራውን መተው፣ ወይም መመላለስ።

የሦስተኛው ምርጫ ዋጋ እንዲታይ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። በፒትስበርግ የምትኖርና በፎርት ወርዝ የምትሠራ ዲስፓቸር ከቀትር በኋላ የሚጀምር ፈረቃ አላት እንበል። ለጥንቃቄ በማለዳ ከቤቷ ትወጣለች። የመጀመሪያው በረራ ሞልቷል። ሁለተኛው በዳላስ ላይ በተነሣ ነጎድጓዳማ ዝናብ ምክንያት ዘግይቶ በመጨረሻ ይሰረዛል። ከቤት ከወጣች ስድስት ሰዓታት አልፈዋል፤ ፈረቃው ሊጀምር ነው፤ እርሷ ግን አሁንም ፒትስበርግ ናት። ይህች ሠራተኛ በቀጣዩ ቀን የሚጠብቃት የዲሲፕሊን ደብዳቤ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ታደርጋለች? በዋዜማው ሌሊት ትጓዛለች፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ወንበር ላይ ወይም በርካታ ሠራተኞች በጋራ በተከራዩት ማደሪያ ታድራለች፤ ፈረቃዋንም በሰዓቱ፣ ነገር ግን ደክማ ትጀምራለች። በመገኘት መዝገብ ላይ እንከን የለባትም። የእንቅልፍ ዕዳዋ በየትኛውም መዝገብ አይታይም።

የወንበሩ ሕግ

የዲስፓቸሩን ጉዳይ ከአብራሪው የሚለየው ዋና ነገር በደንቡ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ክፍል 121 ዲስፓቸሩ በረራ ከመልቀቁ በፊት የአየሩን ሁኔታ በሚገባ የሚያውቅበት ጊዜ እንዲያገኝ ሆኖ የሥራ ሰዓቱ እንዲወሰን ያዛል። ቀጥሎም የለቀቃቸው አውሮፕላኖች በረራቸውን እስኪጨርሱ፣ ከእርሱ ኃላፊነት ክልል እስኪወጡ፣ ወይም ሌላ ብቁ ዲስፓቸር እስኪተካው ድረስ በሥራ ላይ እንዲቆይ ያስገድዳል።

የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። አንድ አብራሪ ሲቀር በረራው ይዘገያል ወይም ተጠባባቂ ይጠራል፤ አውሮፕላኑ ግን መሬት ላይ ነው። ዲስፓቸር ሲቀር አውሮፕላኖቹ አየር ላይ ናቸው። ወንበሩ ባዶ ሊተው ስለማይችል የቀሪው ሸክም ወዲያውኑ በአንድ የታወቀ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል፤ ፈረቃውን ጨርሶ ሊወጣ በተዘጋጀው ባልደረባ ላይ። ይህ ሰው ብዙ በረራዎችን ሲከታተል ውሎ ትኩረቱ በሚደክምበት ሰዓት እንዲቀጥል ይጠየቃል። የሥራ ድርሻው ለጎረቤት ወንበሮች ቢከፋፈል ደግሞ እነርሱ ከታሰበላቸው በላይ ብዙ በረራ ይይዛሉ።

ደንቡ ለዲስፓቸር የሚመደበው የሥራ ጊዜ በተከታታይ ከ10 ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ሆኖም ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ የሆነ ሁኔታ ወይም አስቸኳይ ችግር ሲያጋጥም ገደቡ እንዲላላ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ጥሩ የሕግ ጥያቄ ይነሣል። ሠራተኞቹ በትርፍ ወንበር እንደሚመላለሱ እያወቀ ተጠባባቂ ያላዘጋጀ አየር መንገድ፣ ተተኪው በሞላ በረራ ምክንያት ሲቀር «ከቁጥጥሬ ውጭ ነው» ሊል ይችላልን? ማዕበሉ ከቁጥጥር ውጭ ነው፤ ማዕበል በየዓመቱ እንደሚመጣ ማወቅ ግን ከቁጥጥር ውጭ አይደለም። የኅብረት ስምምነቱ ይህን ክፍተት ካልዘጋው ልዩ ሁኔታው የዕለት ተዕለት አሠራር ሊሆን ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ነጥብ መጤን አለበት። የሚመላለሰውን ሠራተኛ የሚያስቀረውና በማዕከሉ የሥራ ጫናን የሚያበዛው ብዙ ጊዜ አንድ ምክንያት ነው። በዳላስ ላይ የወረደው ዝናብ በረራዋን ሲሰርዝባት፣ በዚያው ሰዓት በፎርት ወርዝ ያሉት ባልደረቦቿ በረራዎችን ወደ ሌላ ማረፊያ እየመለሱ፣ ነዳጅ እንደገና እያሰሉ፣ ከአብራሪዎች ጋር እየተነጋገሩ ናቸው። ከዚህም በላይ በአንድ ማዕበል የሚቀሩት አንድ ሰው ብቻ አይደሉም፤ ከተለያየ አቅጣጫ የሚመጡ ብዙዎች በአንድ ቀን ሊቀሩ ይችላሉ። ስለሆነም የተጠባባቂ ቁጥር በአማካይ የቀሪዎች ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ከተወሰነ፣ በሚያስፈልግበት ዕለት አይበቃም።

የአብራሪዎች አንቀጽና ውሱንነቱ

በአብራሪዎች ስምምነቶች ውስጥ የመመላለስ አንቀጽ የቆየ ታሪክ አለው። ጠቅላላ ይዘቱ ተመሳሳይ ነው። ሠራተኛው በሰዓቱ ሊያደርሱት የሚችሉና ክፍት ወንበር የታየባቸው ሁለት በረራዎችን ከሞከረ፣ እንደማይደርስም በጊዜ ካሳወቀ፣ በመቅረቱ አይቀጣም፤ ላልሠራው በረራ ግን ብዙውን ጊዜ ክፍያ አያገኝም። አንቀጹ ብልህ ነው፤ ቅን ጥረትን ከቸልተኝነት የሚለይ መለኪያ ይሰጣልና።

ወደ ዲስፓቸሩ ወንበር እንዳለ ሲዛወር ግን ሦስት ጉድለቶች ይታዩበታል። አንደኛ፣ አንቀጹ የሚናገረው ስለሚቀረው ሰው ብቻ ነው፤ በወንበሩ ላይ ስለተያዘው ሰው አንዳች አይልም። ሁለተኛ፣ አብራሪዎች በሺዎች ሲቆጠሩ ዲስፓቸሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ የአንድ ሰው መቅረት ክብደቱ የተለየ ነው። ሦስተኛ፣ የዕረፍት ሕጉ አንድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ክፍል 117 ለአብራሪዎች ከሥራ በፊት የ10 ሰዓት ዕረፍትና በውስጡ ያልተቋረጠ የ8 ሰዓት የመኝታ ዕድል ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ለበረራ አስተናጋጆችም የ10 ሰዓት ዕረፍት በደንብ ተወስኗል። ለዲስፓቸር ግን የ8 ሰዓቱ ዕረፍት የሚመጣው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ሥራ ሲመደብለት ነው። የሚያስገርመው ክፍል 117 ስለ ድካም የሚሰጠውን ሥልጠና ዲስፓቸሮችም እንዲወስዱ ማዘዙ ነው። የሌላውን ድካም እንዲያውቅ የሚሠለጥነው ሰው የራሱን ድካም የሚገድብ ተመጣጣኝ ደንብ የለውም።

«የግል ምርጫ ነው» የሚለው ክርክር

በጥበቃው ላይ የሚቀርበው ዋና ተቃውሞ ቀላልና ጠንካራ ነው። የትም መኖር የሠራተኛው ነፃነት ነው፤ በሰዓቱ መድረስም ግዴታው ነው። የአሜሪካ የሥራ ሕግ ይህን አስተሳሰብ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ከበር እስከ በር በመባል የሚታወቀው ሕግ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግን ተራ ጉዞ ከሚከፈልበት የሥራ ሰዓት ውጭ አድርጎታል። በማዕከሉ አጠገብ ቤት ተከራይቶ የሚኖረው ባልደረባም «እኔ የከፈልሁትን ዋጋ ያልከፈለ ሰው ስለምን ይጠበቃል?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ክርክሩ እውነት ቢኖረውም ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል። የመጀመሪያው፣ ከላይ እንደታየው፣ ምርጫው ሁልጊዜ የሠራተኛው አለመሆኑ ነው። ቤቱን ሳይለቅ ማዕከሉ የተነሣበት ሰው ተመላላሽ የሆነው በአሠሪው ውሳኔ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ በተፈጥሮው የግል ወይም የጋራ አለመሆኑ ነው፤ ወሰኑን የሚያሰምሩት ሕግና ስምምነት ናቸው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅቱ ለሠራተኞች ባቀረበው ሰርቪስ ላይ እያለ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳን ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደደረሰ አደጋ ይቆጥርለታል። ይኸው ሠራተኛ በራሱ መንገድ ቢመጣ ኖሮ ይህ ድንጋጌ አይሸፍነውም ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ የሕጉን ትርጉም የለወጠው አሠሪው ማጓጓዣውን ማቅረቡ ነው። አየር መንገዶችም ለሠራተኞቻቸው የትርፍ ወንበር መብትን እንደ ጥቅማ ጥቅም ሰጥተው መመላለስ እንዲቻል ካደረጉ በኋላ ጉዞው ፈጽሞ እንደማይመለከታቸው አድርገው መናገር አይችሉም።

ሌላው ተቃውሞ ከማስረጃ የሚነሣ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 የኮልጋን በረራ 3407 በቡፋሎ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች ሲሞቱ፣ ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከሲያትል ወደ ኒውዋርክ ስትጓዝ ማደሯ ታወቀ። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የአደጋውን ምክንያት በዋናነት አብራሪው ለማስጠንቀቂያው በሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ላይ አኖረ፤ ድካም የአብራሪዎቹን ብቃት ሳይጎዳ እንዳልቀረ ገልጾ፣ ድርሻው ምን ያህል እንደነበር ግን በእርግጠኝነት መወሰን አልተቻለም አለ። ከዚያም በኮንግረስ ትእዛዝ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው የብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ጥናት፣ በቂ መረጃ ስለሌለ የአብራሪዎችን መመላለስ በደንብ መገደብን አልደገፈም።

ይህ ጥናት አንዳንዴ የመመላለስ ጉዳይ እንዳበቃለት ማስረጃ ይጠቀሳል። በአንጻሩ ጥናቱ ወደ ኅብረት ስምምነት የሚያመለክት ሆኖ ሊነበብ ይገባዋል። አገር አቀፍ ደንብ ለመጻፍ የሚያስፈልገው መረጃ ከሌለ፣ አንድ ማዕከል ያለው አየር መንገድና የዚያ ማዕከል ሠራተኞች ማኅበር የራሳቸውን ሁኔታ አጥንተው የሚስማሙበትና በቀጣዩ ድርድር የሚያሻሽሉት አንቀጽ ይበልጥ ተስማሚ መሣሪያ ነው። አየር መንገዶችን እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ የሚገዛው የባቡር ሠራተኞች ሕግም ለዚህ ይመቻል፤ በዚህ ሕግ ሥር ስምምነቶች የማሻሻያ ጊዜያቸው ሲደርስ ለድርድር ይከፈታሉ እንጂ ተቋርጠው አይቀሩም። በትርጉማቸው ላይ የሚነሣ ክርክር ደግሞ በማስተካከያ ቦርድና በገላጋይ ዳኛ ይታያል። አንቀጽ በሌለበት ግን ገላጋዩ የሚያገኘው «በቂ ምክንያት» የሚል ሰፊ መለኪያና አሠሪው ብቻውን ያወጣው የመገኘት መመሪያ ነው።

ምን ይጻፍ?

የዲስፓቸሮችን ወንበር መነሻ ያደረገ አንቀጽ ቢያንስ አምስት ነገሮችን ሊይዝ ይገባዋል።

አንደኛ፣ የጥረት መለኪያ። ሁለት በረራ የመሞከር መሥፈርት ይቆይ፤ ነገር ግን ሁለተኛው በረራ ከፈረቃው መጀመሪያ ሳይሆን ከርክክቡ በፊት የሚያደርስ ይሁን። ሮጦ ገብቶ የአየሩን ሁኔታ ሳያነብ ወንበር የሚረከብ ሰው ደርሷል ሊባል አይገባም።

ሁለተኛ፣ የማሳወቂያ ሰዓት። ሠራተኛው ሁለተኛው በረራ እስኪያመልጠው ሳይጠብቅ የመጀመሪያው ባመለጠው ጊዜ እንዲያሳውቅ ይጠየቅ፤ ጥበቃውም በዚህ ላይ ይመሥረት። ማዕከሉ የሚያገኘው እነዚህ ጥቂት ሰዓታት ተተኪ ለመጥራት የሚያስችሉ ናቸው። ቅጣት የሚፈራ ሠራተኛ እስከ መጨረሻው ደቂቃ ዝም ይላል፤ ጥበቃ ያለው አስቀድሞ ይናገራል። አሠሪው ከአንቀጹ የሚያተርፈው ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ በወንበሩ ላይ ላለው ሰው ጣሪያ። ተተኪ ሲዘገይ ተረካቢን የሚጠብቀው ዲስፓቸር የሚቆይበት ከፍተኛ ጊዜ በቁጥር ይወሰን፤ ተጨማሪውም ሰዓት ከፍ ባለ መጠን ይከፈል። ለዚህም አየር መንገዱ በየፈረቃው ተጠባባቂ የማቆየት ግዴታ ይግባ፤ ማዕበል በሚበዛባቸው ወራት ቁጥሩ ከፍ ይበል።

አራተኛ፣ የሸክም ክፍፍል። የቀረው ሠራተኛ አይቀጣ፤ ላልሠራበት ፈረቃ ግን ክፍያ አይጠይቅ፤ ወይም በሌላ ቀን ሠርቶ ይተካ። መቅረቱ በዓመት ከተወሰነ ቁጥር ካለፈ ቅጣት ከመከተሉ በፊት የፈረቃ ለውጥን የሚመለከት ምክክር ይደረግ። ይህ በማዕከሉ አጠገብ ለሚኖረው ባልደረባ ፍትሐዊ መልስ ይሰጣል፤ ጥበቃ ማለት ያለዋጋ መቅረት አይደለምና።

አምስተኛ፣ ማዕከል በአሠሪው ውሳኔ ሲዛወር የሚሠራ ልዩ ድንጋጌ። የተዛወረባቸው ሠራተኞች ለተወሰኑ ዓመታት ትርፍ ወንበር ሳይጠብቁ የተረጋገጠ መቀመጫ እንዲያገኙ፣ የሥራ ቀኖቻቸውም ተከታታይ ሆነው በወር የሚያደርጉት ጉዞ እንዲቀንስ ይደረግ። የስድስት ቀን ሥራን በአንድ ጉዞ መሥራትና በሦስት ጉዞ መሥራት በእንቅልፍ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ አንድ አይደለም።

የእነዚህ ቁጥሮች ልክ በየማዕከሉ ይለያያል። የአሜሪካንና የሳውዝዌስት ዲስፓቸሮችን የሚወክለው የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር፣ የዩናይትድና የዴልታዎቹን የሚወክሉት የሙያ ማኅበራትም ከየአሠሪዎቻቸው ጋር ሊቆርጧቸው የሚገቡ ናቸው። ከቁጥሮቹ በፊት ግን ስለ ምንነቱ መስማማት ያስፈልጋል። አንቀጹ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ከምግብ አበልና ከደንብ ልብስ ጋር በአንድ ረድፍ ከተቀመጠ መጀመሪያ የሚሠዋው እርሱ ይሆናል።

ማጠቃለያ

የአብራሪዎች መመላለስ መነጋገሪያ የሆነው 50 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። የዲስፓቸሮች ጉዳይ ተመሳሳይ ቀን ሊጠብቅ አይገባም፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። የሚፈለገው ለአንድ ወገን የሚሰጥ ስጦታ አይደለም። ከፒትስበርግ መነሣት ያልቻለችው ሠራተኛ እውነቱን በጊዜ እንድትናገር፣ በፎርት ወርዝ የሚጠብቃት ባልደረባ ድካሙ ከልክ ሳያልፍ ወደ ቤቱ እንዲገባ፣ በመካከላቸውም አየር ላይ ያሉት አውሮፕላኖች ነቅቶ የሚከታተላቸው ሰው እንዳያጡ የሚያደርግ የጽሑፍ ቃል ኪዳን ነው። የዲስፓቸሩ ወንበር ባዶ ሊተው እንደማይችል ደንቡ አስቀድሞ ተናግሯል። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው በምን ሁኔታ እንደሚደርስና ማን እየጠበቀው እንደሆነ መናገር የቀረው ለኅብረት ስምምነቱ ነው።